ዘሀራን ምንም አያማትም

የዘሀራ ይመርን መርዶ በስልክ የነገረኝ ጎረቤቷ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሳለች ማረፏን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ መቀበሯን፣ እኔ ከባምባሲ እስክደርስ መጠበቅ አለመቻሉን ይቅርታ እየጠየቀ አስረዳኝ። ይቅርታው አላስፈለገም፤ የሙስሊም ቀብር እንደማይቆይ አውቃለሁ። ያናደደኝ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው።

«ይገርምሃል ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብላ አታውቅም። ጤነኛ ሴት ነበረች።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ዘሀራ ከሰላሳ ዓመት በላይ ደረቷን ሲጫናትና ትንፋሿን ሲቆርጣት ኖራ ለዚህ ሰው ትንፍሽ አላለችም። ለምን ትንፍሽ እንዳላለች የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም፤ ከሚያውቁት ውስጥ ደግሞ የሚያፍርበት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመንዲ ልጅ ነኝ። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን በጨረስኩ በዓመቱ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ወደተቋቋመ የሰፈራ መንደር ተመደብኩ። መንደሩ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። በድርቁ ምክንያት ከወሎ የመጡ ሰዎች በተደረደሩ የቀርከሃ ጎጆዎች ውስጥ ሰፍረዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭንጫ መሬት ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ቁመታቸውን የሚውጥ ሣር መሀል ተጣሉ። ዝናቡ ከጀመረ አያቆምም፣ ወባውም አብሮት ይመጣል። ክሊኒኬ አንድ ክፍል የቀርከሃ ቤት ነበር፤ መድኃኒቴ ደግሞ በአብዛኛው የወባው ኪኒን፣ ክሎሮኪን። ራሱን ላመመው ክሎሮኪን፣ ወገቡን ለቆረጠመው ክሎሮኪን። ሰፋሪዎቹ «ሐኪም መራራ» ይሉኝ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ከኪኒኑ ነው እያልኩ እጽናናለሁ።

ዘሀራ ያኔ ሰላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ረጅምና ቀጭን፣ አነጋገሯ ፈጠን ያለ ሴት ነበረች። ባሏ በድርቁ ሞቶባታል። የሰባት ዓመት ልጇ ሰዓዳ ከአያቷ ጋር ወሎ ቀርታለች። ሲመዘግቧት «ልጅሽ በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች» ብለዋት ነበር። የሚቀጥለው መኪና መጣ፤ ከእሱ የሚቀጥለውም መጣ። መኪና በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ትቆማለች። አንድ ቀን ለምን እንደምትቆም ብጠይቃት «መኪና ማየት እወዳለሁ» ብላ አሾፈችብኝ።

ክሊኒክ የመጣችው መንደሩ በገባች በስድስተኛ ወሯ ይመስለኛል።

«ደረቴን ነው» አለችኝ። «ዳገት ስወጣ ይጀምረኛል። ሰው በጉልበቱ የተንበረከከብኝ ያህል ነው። ከዚያ በዚህ ክንዴ ይወርዳል፣ መንጋጋዬንም ይይዘኛል። ቆም ስል ይተወኛል።»

«ያተኩስሻል?»

«አያተኩሰኝም።»

«ያንቀጠቅጥሻልስ?»

«ሐኪም፣ ወባን አውቀዋለሁ። ይሄ ወባ አይደለም።»

ክሎሮኪን ሰጠኋት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ኪኒኑን በሥርዓቱ ጨርሳው ሰውነቷን ሁሉ ያሳክካታል። «መራራህን ውጬልሃለሁ፤ አሁን ደግሞ ደረቴን እይልኝ» አለች። በዚያ ጊዜ በማዳመጫዬ እኮራ ነበር፤ አንገቴ ላይ ሳላንጠለጥለው ከቤት አልወጣም። ደረቷ ላይ አስደግፌ ብዙ አዳመጥኩ።

«ምን ይላል? ስሜን ይጠራል?» አለችኝ።

ያልተለመደ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዕድሜዬ የፈለግሁትን ሁሉ መስማት እችል ነበር። የልብ በሽታ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ደስም አለኝ። ከወባና ከተቅማጥ ሌላ በሽታ በራሴ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያው ቀን ከባድ ሥራ እንዳትሠራ የሚል ማስታወሻ ጻፍኩላትና የሕፃናት ማቆያው ውስጥ ተመደበች።

ሕመሙ ሲነሳባት የምታደርገው ነገር ነበራት። ትቆምና ሻሿን ትፈታለች። ቀስ ብላ ታራግፈዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ መልሳ ታስረዋለች። ለሚያያት ሻሿ የላላባት ሴት ናት። አስራ እስክትጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃታል፤ ካልለቃት እንደገና ትፈታዋለች። «ምን ያህል ይቆይብሻል?» ስላት «አንድ ሻሽ» ትለኛለች፣ «ሁለት ሻሽ» ትለኛለች። ከሦስት ሻሽ ያለፈበትን ቀን ስትነግረኝ ግን አልሳቀችም።

«እሱስ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለችኝ ያን ቀን። «የማልሄደው እኔ ነኝ።»

ከመንደሩ መሄድ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ያለ ይለፍ ወረቀት አሶሳ ከተማ እንኳ አይገባም። ሰው ይጠፋ ነበር፤ አንዱ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን፣ ሌላው በእግሩ ወደ ወሎ። ስለዚህ የታመመ ሁሉ መንደሩን በሚያስተዳድረው የደርግ ካድሬ ዓይን ሊጠፋ ያሰበ ሰው ነው። ሆዱን የቆረጠው ሊጠፋ ነው፤ ጥርሱን ያመመው ሊጠፋ ነው። ልጇ ወሎ የቀረችባት ሴት ደረቴን አመመኝ ስትልማ መጠየቅም አያስፈልግ።

አሶሳ ድረስ በእህል መኪና ይዣት ሄድኩ። ያዩዋት ሐኪሞች ልብ የሚመረምር መሣሪያ ስላልነበራቸው ወደ አዲስ አበባ ጻፉላት። ካድሬው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ሰው በተሰበሰበበት ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ሸኚ የምመድብላት ሰው የለኝም። ዋስ ካላት ትሂድ። ከቀረች ዋሱ ይጠየቃል።»

«ይጠየቃል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ የወንድሙ ልጅ ጠፍቶበት ተጠይቆ ሄዶ አልተመለሰም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ፈረምኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ያገኘሁት በሽታ በአዲስ አበባ ሐኪም ተረጋግጦ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነው። ካድሬውንም ማብሸቅ አምሮኝ ነበር። ዘሀራ ግን ስፈርም አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር፤ እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው።

መኪናው ላይ ከመውጣቷ በፊት «እንግዲህ ዋሴ አንተ ነህ» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ለእኔ ሰው ዋስ ሆኖልኝ አያውቅም።»

አሥራ ስድስት ቀን ቆየች። የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ አንድ ቀን ነው። ጠዋት ተሳፍራ ማታ ደሴ ትገባለች፤ በማግሥቱ ልጇን ታቅፋለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የምሄደው ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ካድሬው በክሊኒኩ ደጅ ባለፈ ቁጥር «የልብ በሽተኛህ እንዴት ናት?» ይለኛል። ሳቁን ዛሬም አልረሳሁትም። መቼም ልቤን ያመመኝ ቢኖር ያኔ ነው፤ ዘሀራን በሆዴ ምን ያህል እንደረገምኳት እሷ አታውቅም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጣ መጣች። ቅንድቧ ድረስ አቧራ ለብሳለች። ወረደችና ማንንም ሰላም ሳትል በቀጥታ እኔ ጋ መጣች።

«መጣሁልህ» አለችኝ።

እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ልጇን የት ጥላ እንደመጣች አውቃለሁ፤ ለማን ብላ እንደመጣችም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ፖስታውን ከእጇ ተቀበልኩና ከፈትኩት።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ጤናማ፣ የደረት ራጅ ጤናማ፣ የደም ምርመራ ጤናማ። ያልተለመደ የልብ ድምፅ አልተሰማም። ይህቺ የመጨረሻዋ በቀጥታ ለእኔ የተጻፈች መሰለችኝ። ከሥሯ ሁለት መስመር ነበር፤ የሕመሟ ምክንያት አልታወቀም፣ ሕመሙ ከቀጠለ ለተጨማሪ ምርመራ ትመለስ ይላል። እኔ ግን ዓይኔ የልብ ድምፁ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንድ የማላውቀው ዶክተር በሁለት ደቂቃ ጆሮ እንደሌለኝ ጽፎ ልኮልኛል።

«ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የምትይው?» አልኳት።

«ያው ያልኩህን ነዋ።»

«ልብሽ ጤነኛ ነው ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ። ደረቴ ግን ያመኛል።»

«ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«እኔ ጋ አብረው ሄደዋል» አለች።

ፊቴን አዞርኩባት። ለእኔ ብላ ከልጇ ተለይታ የመጣች ሴት ላይ ፊቴን አዞርኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሰበብ የምፈልግ ይመስለኛል፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር ልል ይዳዳኛል። አላውቅም ነበር፤ እውነት ነው። ግን እኮ አለማወቄን አላውቅም ነበር እንጂ፣ እሷ እንደማትዋሽ አውቅ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ማንጎው ዛፍ ሥር የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። ሰው በተራ እየተነሳ ጥፋቱን ይናገራል፤ ካልተናገረ ሌላ ሰው ይናገርለታል። በዚያ ሐሙስ ካድሬው ወረቀቱን እንዳመጣ አዘዘኝ።

«ጓድ ሐኪም፣ ውጤቱን ለሕዝቡ አንብብ።»

ተነሳሁና እየተረጎምኩ አነበብኩ። ልቧ ጤነኛ ነው። ሳንባዋ ጤነኛ ነው። ደሟም ጤነኛ ነው። ሁለቱ መስመሮች ጋ ስደርስ ቀና አልኩ፤ ካድሬው እያየኝ ነው። ካነበብኳቸው «ትመለስ» የሚለው ይመጣል። ከዚያ ሌላ ይለፍ፣ ሌላ ዋስ፣ ሌላ አሥራ ስድስት ቀን። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«በቃ?» አለ ካድሬው።

«በቃ» አልኩ።

«ጓዲት ዘሀራ፣ ተነሺ። ሕዝቡ ሲሠራ አንቺ በውሸት በሽታ አዲስ አበባ ተዝናንተሽ መጥተሻል። ግለ ሂስሽን አቅርቢ።»

ዘሀራ ተነሳች። «ምን ልበል?»

«አያመኝም በይ። ሌላ ምን ትያለሽ?»

ያየችው እኔን ነው። ካድሬውን አላየችም፤ ሕዝቡንም አላየችም። እኔ መሬቱን አየሁ።

«አያመኝም» አለች። «ሂሱን ውጫለሁ።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በማግሥቱ የጻፍኩላት ማስታወሻ ተሰረዘና ከሕፃናት ማቆያው ወጥታ ቀርከሃ ከሚያጓጉዙት ጋር ተመደበች። ቀርከሃው የሚቆረጠው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወደ መንደሩ የሚያመጣው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ከክሊኒኬ መስኮት ይታየኛል። ዘሀራ ሸክሟን ታወርዳለች፣ ሻሿን ትፈታለች፣ ታስራለች፣ ትሸከማለች። ጥቂት ትሄድና ደግማ ታወርዳለች። መስኮቱን በጆንያ ጋረድኩት። ፀሐይ ስለሚገባ ነው ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግር ነበር።

ከወንዙ ማዶ በርታዎች ይኖሩ ነበር። መንደሩ ያረፈበት መሬት የእነሱ ነው፤ ሰፈራው ሲመጣ ማንም አላማከራቸውም። ከእነሱ አንዷ ሐዋ ማንጎና ባምያ ይዛ ወደ እኛ የምትመጣ፣ አማርኛን ከገበያ የለቀመች ጎልማሳ ሴት ናት። አንድ ቀን ቅርጫቷን ክሊኒኩ በር ላይ አስቀመጠችና ገባች።

«አንተ ሐኪም?»

«ነኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ ደህና። ዘሀራ ያመዋል።»

«ተመርምራለች እኮ። ጤነኛ ናት ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ምርመራው።»

ሐዋ ሳቀች። «ምርመራ ዳገት ወጣ? እኔ ከሱ ጋር ዳገት ወጣሁ። ፊቱ ዐመድ ይሆናል። ብርድ ላብ ይወርዳል። ወላሂ ያመዋል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኳት በቁጣ።

«እኔ ሐኪም አይደለም» አለችና ቅርጫቷን አንስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሐዋ በየቀኑ ዳገቱ መሀል እየጠበቀች የዘሀራን ሸክም ትቀበላትና መንደሩ አፋፍ ድረስ ታደርስላት እንደነበር ቆይቼ ሰማሁ። መሬቷን የተቀማች ሴት፣ መሬቷ ላይ ለሰፈረች ሴት ቀርከሃ ትሸከማለች። እኔ በደመወዝ የተቀጠርኩት ሐኪም ደግሞ ጆንያ ጋርጄ ተቀምጫለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ኩርሙክ ተዛወርኩ። ልሰናበታት ጎጆዋ ሄድኩ። ማንም አልነበረም፣ ካድሬም አልነበረም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን።

«አሁንስ ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም።»

«እኔ ነኝ እኮ የምጠይቅሽ።»

«በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን ላንተ ብዬ ልቀይረው?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ደህና ሳቅ ነው፤ ቂም ያለበት አይመስልም። ለመንገድ የሚሆን ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ደርግ ወድቆ፣ መንደሩም ስም አውጥቶ፣ ካድሬውም የት እንደደረሰ ሳይታወቅ፣ ዘሀራ ግን በሰው ፊት ያን ቃሏን አልቀየረችም። አያመኝም እንዳለች ቀረች።

ሕመሙ አልተዋትም። በኋለኛው ዘመን አሶሳ ገበያ ቅመማ ቅመም ስትሸጥ አገኛት ስለነበር ኑሮዋን በምን ዘዴ እንደምትገፋ አይቻለሁ። ቤቷን የሠራችው ሜዳ ላይ ነው። የጠዋት ብርድ ስለሚያስነሳባት ከቤት የምትወጣው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው፤ ሰዎች እንቅልፋም ይሏታል። ከገበያው ሰው ጋር ክርክር ሲነሳ ዕቃዋን በተጠየቀችው ዋጋ ሰጥታ ትገላገላለች፤ ሞኝ ይሏታል። ለቅሶ ቤት ገብታ አታነባም፣ ደረት አትመታም፣ ጥግ ይዛ ጸጥ ትላለች። ድንጋይ ሴት ናት ይሏታል። ኀዘን ደረቷን እንደሚያስነሳባት የሚያውቅ የለም፤ ከተናገረች የሚመጣውን ታውቃለችና አትናገርም። ውሸታም ከምትባል እንቅልፋም፣ ሞኝ፣ ድንጋይ መባል ይሻላታል።

ደርግ እንደወደቀ ወሎ ሄዳ ነበር። እናቷ ሞታለች። ሰዓዳ አጎቷ ቤት አድጋ ኮረዳ ሆናለች። እናቷን «እትዬ» ብላ ተቀበለቻት። ዘሀራ አንድ ወር ቆይታ ወደ አሶሳ ተመለሰች። ሰዓዳ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አግብታ ከወለደች ወዲያ፣ ከባሏ ጋር ለንግድ አሶሳ መጣች። አንድ ቀን ሱቋ ዕቃ ልገዛ ስገባ ማን እንደሆንኩ ነግረዋታል መሰለኝ፣ ሚዛኑን አስቀምጣ አየችኝ።

«ያኔ ሐኪሙ አንተ ነበርክ አይደል? እናቴን አንድ ነገር ጠይቄያት አልመልስ ብላኛለች። አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ እኔ ጋ ሳትመጣ ለምን ተመለሰች? በየቀኑ ነበር የምጠብቃት።»

«ዋስ ነበረባት። ብትቀር ሰውየው ይታሰር ነበር።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«እኔ ነኝ።»

ሰዓዳ ዕቃዬን መዝና ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ሱቋ ስሄድ ታስተናግደኛለች፤ አታናግረኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ዘሀራ ገበያ ላይ ወደቀች፤ ለጠየቃት ሁሉ ፀሐይ ነው አለች። ሰዓዳ አዲስ አበባ ወሰደቻት። በእጇ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቧን ደም ሥሮች በፊልም አዩዋቸው። ንጹህ ናቸው፤ የጠበበም የተዘጋም የለም። ሰዓዳ ከምርመራው እንደተመለሱ ሳትቀጥረኝ ባምባሲ ቤቴ ድረስ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«እናቴ ውሸታም አልነበረችም። እየው።»

አነበብኩት። አሁን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ትልልቆቹ የልብ ደም ሥሮች ክፍት ናቸው ይላል። ዶክተሩ ግን እዚያ አላቆመም። በፊልም የማይታዩ ጥቃቅን ሥሮች አሉ፤ ልብ ሥራ ሲበዛበት እነሱ እንደሚገባ ካልተከፈቱ ደም ያንሰዋል፣ ያማል። ምልክቷ ሁሉ ከዚህ ጋር ይስማማል፣ መድኃኒት ጀምራለች ይላል። ለሰዓዳ በቃሉ «እንዲህ ዓይነት ሕመም ያላቸው ብዙ ሴቶች ምንም የላችሁም ተብለው ይመለሳሉ» ብሏታል። ይህን ነግራኝ ወረቀቱን ከእጄ መልሳ ወሰደች። ግቢ ሳልላት ሄደች።

በማግሥቱ አሶሳ ሄድኩ። ዘሀራ ግቢዋ ውስጥ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ በርበሬ ታበጥራለች።

«ሐኪም መራራ» አለችኝ። «ምን እግር ጣለህ?»

«ወረቀቱን አየሁት።»

«ሰዓዳ ናት። አትሂጂ ብያት ነበር።»

«ልክ ነበርሽ፣ እትዬ ዘሀራ። ያኔም ልክ ነበርሽ።» አጠገቧ ተቀመጥኩ። በመንገድ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ደግሞ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያን ጊዜ ማንጎው ሥር ሳነብ፣ ወረቀቱን ሙሉውን አላነበብኩትም። ከታች በኩል...»

«ምክንያቱ አልታወቀም፣ ካልተዋት ትመለስ የሚለውን ነው?»

ቀና ብዬ አየኋት። በርበሬዋን እያበጠረች ነው።

«ነርሷ ፖስታውን ስትሰጠኝ በአማርኛ ነግራኝ ነበር። ስታጥፈው አየሁህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እንዲህም ይላል ማለት ነበረብሽ።»

«ማን ሊያምነኝ? የሚያነበው አንተ ብቻ ነህ።» ከበርበሬው መሀል ጉድፍ ለቅማ ጣለች። «ደግሞ ዋሴ ነበርክ። ሰው ፊት ዋሴን ዋሸ ልበለው?»

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ማልቀስ ያሳፍራል፤ ግን አለቀስኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«ይቅርታውንስ ያኔውኑ አድርጌልሃለሁ» አለችኝ። «በዚያ ላይ ቂም ደረቴን ያስነሳብኛል፤ አልያዝኩትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።»

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ያኔ ወረቀቱ የለባትም አለ፤ አንተም የለባትም አልክ። አሁን ወረቀቱ አለባት ሲል፣ አለብሽ ልትለኝ ከባምባሲ ድረስ መጣህ። እኔ መቼም በሁለቱም ጊዜ እዚሁ ነበርኩ፤ ያልኩህም አንድ ነገር ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ወረቀት ባይመጣ ትመጣ ነበር?»

በርበሬው ዓይኔን እያቃጠለኝ ተቀመጥኩ። እሷ ሰፌዷን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።

አልመጣም ነበር።